በአንድ እግር ላይ የቆመ ወርቅ፦ የሪዮ 2016 የ80 ኪሎ የቴኳንዶ ፍጻሜ

ነሐሴ 13 ቀን 2008 ዓ.ም. ቡሄ ነበር። በዚያ ሌሊት ብዙዎቻችን አልተኛንም። ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ ገና ምሽት ነው፤ አልማዝ አያና የ5000 ሜትር ፍጻሜ ትሮጣለች። ከሳምንት በፊት 10,000 ሜትሩን በ29፡17.45 የዓለም ክብረ ወሰን ስላሸነፈች ሁላችንም ሁለተኛ ወርቅ ጠብቀን ነበር። ነሐስ ሆነ። ቴሌቪዥኑን ዘግተን ተኛን።

ያመለጠኝን ያወቅኩት ጠዋት ነው። በዚያው ምሽት፣ በዚያው ከተማ፣ ካሪዮካ አሬና 3 በሚባለው አዳራሽ የወንዶች የ80 ኪሎ የቴኳንዶ ፍጻሜ ተካሂዷል። በአንድ በኩል የኮትዲቯሩ ሼክ ሳላ ሲሴ አለ፤ 22 ዓመቱ ነው። በሌላው በኩል የእንግሊዙ ሉታሎ ሙሃመድ፤ 25 ዓመቱ ነው፣ ለንደን 2012 ላይ ነሐስ ወስዷል። ሦስተኛው ዙር ሊያልቅ አንድ ሰከንድ ገደማ ሲቀረው ሙሃመድ 6 ለ 4 እየመራ ነበር። ሲሴ ዞረ። እግሩ የሙሃመድን ራስ አገኘ። ውጤቱ 8 ለ 6 ሆነ። ሰዓቱም አለቀ።

ኮትዲቯር በኦሎምፒክ ታሪኳ የመጀመሪያውን ወርቅ አገኘች። ከዚያ በፊት የነበራት ሜዳልያ ገብርኤል ቲያኮ በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ በ400 ሜትር ያመጣው ብር ነው። በዚያው ምሽት ሩት ግባግቢ በሴቶች 67 ኪሎ ነሐስ ጨመረችላት። ሙሃመድ ደግሞ ከውድድሩ በኋላ ለጋዜጠኛ ሲናገር እንባው አላናግር አለው። ያንን ቃለ ምልልስ ያየ ሰው በቀላሉ አይረሳውም።

ይህን ፍጻሜ እንደ አንድ ጉዳይ ቁጭ ብዬ ማጥናት የጀመርኩት ታዳጊዎችን ማሰልጠን ከጀመርኩ በኋላ ነው። ልጆቹ ቪዲዮውን ይወዱታል። ደጋግመው ያዩታል። ሁሉም የሚያዩት ግን የመታውን እግር ነው። ስለዚህ አንድ ቀን እንዲህ አልኳቸው፦ «የስልኩን የላይኛውን ግማሽ በእጃችሁ ሸፍኑት። ከወገብ በታች ብቻ እዩ።» ሸፍነው አዩት። አንዷ ልጅ ቶሎ ገባት። «ማስተር፣ ወርቁን ያመጣው መሬት ላይ የቀረው እግር ነው እንዴ?» አለችኝ።

አዎ። የምጽፈው ስለዚያ እግር ነው።

አንድ ሰከንድ ምን ጠየቀ?

በወቅቱ ህግ ሰውነት ላይ ያረፈ ተራ ርግጫ 1 ነጥብ ነው። ዞሮ ሰውነት ላይ ከመቱ 3፣ ሳይዞሩ ራስ ላይ ከመቱ 3፣ ዞሮ ራስ ላይ ከመቱ 4 ነጥብ ያስገኛል። ሲሴ በ2 ነጥብ እየተመራ ነው። ሰውነት ላይ የሚያርፍ ተራ ርግጫ አያድነውም። ቢያንስ የ3 ነጥብ ምት ያስፈልገዋል። ያም ማለት ወይ እግሩን እስከ ራስ ማንሳት፣ ወይ መዞር፣ ወይ ሁለቱንም አንድ ላይ ማድረግ አለበት። ሦስቱም መንገዶች ሚዛን የሚፈትኑ ናቸው። እሱ ከሦስቱ ከባዱን መታ።

ሌላም ነገር አለ። ጭንቅላት ላይ የሚጠለቀው መከላከያ በኤሌክትሮኒክስ ነጥብ መቁጠር የጀመረው በኦሎምፒክ ደረጃ ሪዮ ላይ ነው። ምቱ በትክክል ማረፍ አለበት። ለዳኛ አይን ብቻ የሚያምር ርግጫ ነጥብ አያመጣም።

ድካሙንም እንጨምርበት። በሪዮ በአንድ የክብደት ምድብ 16 ተወዳዳሪዎች ነበሩ። ፍጻሜ የደረሰ ሰው በዚያው ቀን አራተኛ ግጥሚያውን እየተጫወተ ነው። በወቅቱ አንድ ግጥሚያ ሦስት ዙር ነበር፤ እያንዳንዱ ዙር 2 ደቂቃ። ወደ ፍጻሜው ሲገባ እስከ 18 ደቂቃ ተፋልሞ ሊሆን ይችላል። 18 ደቂቃ በወሬ ትንሽ ነው። ቴኳንዶ የተጫወተ ሰው ግን ባቱ ያን ጊዜ ምን እንደሚመስል ያውቃል።

አሁን ወደ ሰውነቱ እንግባ። የአንድ ሰው አንድ እግር ከዳሌ እስከ ጣት ከጠቅላላ ክብደቱ 16 በመቶ ገደማ ነው። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ወደ 13 ኪሎ ይጠጋል። 13 ኪሎ ነገር ከመሬት ተነስቶ፣ በፍጥነት ዞሮ፣ ሰው ራስ ላይ ይደርሳል። የቀረው 67 ኪሎ ደግሞ በግማሽ ውስጥ እግር ላይ ይቆማል። ግማሽ የምለው ተረከዙ ስለሚነሳ ነው። ሰውየው የሚሽከረከረው ጣቶቹ ስር ባለው ትንሽ ቦታ ላይ ነው። መዳፍ ታክላለች።

ያቺ ትንሽ ቦታ ሁለት ስራ አለባት። አንደኛው መግፋት ነው። የሽክርክሪቱ ጉልበት የሚመጣው መሬት ከመግፋት ነው፤ አየር ላይ ሆኖ ማንም ሰው ከምንም ተነስቶ መሽከርከር አይጀምርም። ሁለተኛው መያዝ ነው። ሰውነት ወደ ኋላ ሲያዘነብል፣ ዳሌ ሲከፈት፣ እግር ሲወጣ፣ የሰውነት የክብደት ማዕከል ከዚያች ቦታ በላይ መቆየት አለበት። ትንሽ ካመለጠ ምቱ ይጎድላል። ብዙ ካመለጠ ሰውየው ይወድቃል።

መውደቅ ደግሞ ዋጋ አለው። በ2016 ህግ መውደቅ ማስጠንቀቂያ ያሰጥ ነበር፤ ሁለት ማስጠንቀቂያ ለተጋጣሚ 1 ነጥብ ይሆናል። ከ2017 ጀምሮ ህጉ ጠበቀ። አሁን አንድ ጊዜ መውደቅ ብቻውን ለተጋጣሚ 1 ነጥብ ነው። ዞሮ ራስ መምታት ደግሞ ወደ 5 ነጥብ አድጓል። ይህን ለልጆቼ ስነግር አይናቸው ይበራል። 5 ነጥቡን ነው የሚሰሙት። መውደቁን ግን ሁለቴ ሦስቴ መንገር አለብኝ።

ሁለቱ አቅሞች

መግፋቱ የፕላዮሜትሪክ ጉዳይ ነው። መያዙ የሚዛን ጉዳይ ነው።

ፕላዮሜትሪክ ሲባል ብዙ ሰው «መዝለል» ብሎ ያልፈዋል። ዝላይ ሁሉ ፕላዮሜትሪክ አይደለም። ነገሩ እንዲህ ነው። ጡንቻና ጅማት በድንገት ተለጥጠው ወዲያው ከተኮማተሩ ከወትሮው የበለጠ ኃይል ያወጣሉ። ጅማት እንደ ላስቲክ የተለጠጠበትን ኃይል ያስቀምጣል። ጡንቻ ውስጥ ያሉ የስሜት ህዋሳት ደግሞ ድንገተኛውን መለጠጥ አይተው «ተኮማተር» የሚል መልዕክት ይቀሰቅሳሉ። ቁልፉ በመሀል ያለችው ቅጽበት ናት። ከማረፍ ወደ መነሳት የሚወስደው ጊዜ ከረዘመ የተቀመጠው ኃይል ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ፈጣን የሚባለው ዓይነት ዝላይ እግር መሬት ላይ የሚቆይበት ጊዜ ከ0.25 ሰከንድ በታች ነው።

ሁለት ነጥብ እየተመራህ አንድ ሰከንድ ቀርቶሃል። ጎንበስ ብለህ ኃይል የምታሰባስብበት ጊዜ የለም። እግርህ መሬት ነክቶ ወዲያው መግፋት አለበት። የሲሴን የመጨረሻ ሰከንድ ሳየው የሚገርመኝ ይህ ነው።

የዚህ ስልጠና ታሪክ ራሱ ደስ ይላል። ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ዩሪ ቬርኾሻንስኪ የሚባል የዝላይ አሰልጣኝ ነበር። ሦስት ጊዜ ዘሎ የሚያርፉ አትሌቶችን ሲያጠና፣ መሬት ሲነኩ ያለው ድንጋጤ ራሱ ስልጠና ሊሆን እንደሚችል አስተዋለ። አትሌቱ ከከፍታ ወርዶ፣ መሬት እንደነካ ወዲያው ወደ ላይ ይነሳል። እሱ «የድንጋጤ ዘዴ» ይለው ነበር። ፕላዮሜትሪክ የሚለውን ስም በ1975 ያወጣው ፍሬድ ዊልት የሚባል አሜሪካዊ ነው። የሶቪየት አትሌቶች ሲያሟሙቁ አይቶ ተገርሞ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ቬርኾሻንስኪ የሚጠቀምባቸው ከፍታዎች 75 ሴንቲ ሜትርና 110 ሴንቲ ሜትር ነበሩ። የሚዘሉት ለዓመታት ጥንካሬ የሰሩ፣ የጎለመሱ ዘላዮች ነበሩ። እኛ ጋር ይህን ቁጥር ከኢንተርኔት ያገኘ ሰው የ14 ዓመት ልጅ ከግንብ ላይ ሲሚንቶ ላይ ያስዘልላል። በዓይኔ አይቻለሁ። እባካችሁ አታድርጉት።

ሚዛን ደግሞ ከሦስት ቦታ ይመጣል። ከዓይን፣ ከውስጠኛው ጆሮ፣ እና ጡንቻና መገጣጠሚያ ውስጥ ካሉ የስሜት ህዋሳት። መዞር ሦስቱንም ይረብሻል። ዓይን ተጋጣሚውን ለቅጽበት ያጣል። ውስጠኛው ጆሮ ያለው ፈሳሽ ይናወጣል። ያን ጊዜ ሰውነት የሚተማመነው ከታች በሚመጣው ወሬ ነው፤ ከውስጥ እግር፣ ከቁርጭምጭሚት፣ ከዳሌ። ጥሩ መቺ ራሱን ከሰውነቱ ቀድሞ የሚያዞረውም ለዚህ ነው። በትከሻው ላይ አሻግሮ ዒላማውን መጀመሪያ ያገኘዋል። ከዚያ እግሩ ይከተላል። ራሱን ከእግሩ እኩል የሚያዞር ልጅ በጭፍን ይመታል። ሲያርፍም ይንገዳገዳል።

የትኛው ይቅደም?

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ይህ ነው። ሁለቱን አቅሞች ሁሉም አሰልጣኝ ያውቃቸዋል። የምንሳሳተው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው።

መዝለል ያጓጓል። ልጁ ይላብበታል፣ ወላጅ በር ላይ ቆሞ ሲያይ ይደሰታል፣ ቪዲዮ ላይም ያምራል። በአንድ እግር ዝም ብሎ መቆም ግን አሰልቺ ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችን መዝለሉን እናስቀድማለን። ሚዛኑን በማሟሟቂያ ጊዜ ሁለት ደቂቃ ሰጥተን እናልፈዋለን።

የቱኒዚያ ተመራማሪዎች በ2016 ያወጡት ጥናት እዚህ ላይ ዓይኔን ከፍቶልኛል። 24 ታዳጊ እግር ኳስ ተጫዋቾችን ወሰዱ። ዕድሜያቸው 12 እና 13 ነው። ለሁለት ከፈሏቸው። አንደኛው ቡድን 4 ሳምንት ሚዛን ሰርቶ ቀጥሎ 4 ሳምንት ፕላዮሜትሪክ ሰራ። ሌላኛው ተገላቢጦሹን። የስራው መጠን አንድ ነው፣ ሳምንቱም አንድ ነው፣ የተለየው የትኛው እንደቀደመ ብቻ ነው። ሁለቱም ቡድኖች ተሻሻሉ። ሚዛኑን ያስቀደሙት ግን በበርካታ መለኪያዎች በለጡ፦ መሬት ነክቶ በፍጥነት በመነሳት፣ በአንድ እግር ሦስት ጊዜ በመዝለል፣ በሚዛን ፈተናው። እግር ኳስ ቴኳንዶ አይደለም፤ ልጆቹም ጥቂት ናቸው። ግን ምክንያቱ ለማንም ይገባል። መሬቱ ላይ መያዝ ያልቻለ እግር መሬቱን መግፋት አይችልም። ኃይሉ በሚንቀጠቀጥ ቁርጭምጭሚት በኩል ይፈሳል።

እኔም ከዚያ በኋላ ልጆቹን ስምንት ሳምንት ከፍዬ መስራት ጀመርኩ። አራት ሳምንት መቆም፣ አራት ሳምንት መነሳት።

መቆም

በባዶ እግር ነው የምንጀምረው። ውስጥ እግር ወለሉን መስማት አለበት። መጀመሪያ በአንድ እግር 30 ሰከንድ። ቀላል ነው፣ ሁሉም ይሳካለታል። ከዚያ ዓይን ጨፍኖ። እዚህ ላይ ጥቁር ቀበቶ የታጠቀውም ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ዓይን ገልጦ ራስን ግራና ቀኝ እያዞሩ መቆም። ይሄኛው ለዞሮ መምታት የተሰራ ልምምድ ነው፤ ምክንያቱን ከላይ ተናግሬአለሁ።

ቀጥሎ ዘገምተኛ ርግጫ ይመጣል። ጉልበት ይነሳል፣ እግር በአምስት ሰከንድ ይዘረጋል፣ በአምስት ሰከንድ ይመለሳል። ከፍታ አልጠይቅም። ወገብ ላይ ቢሆንም ይበቃኛል። የምጠይቀው የቆመው እግር ጉልበት ወደ ውስጥ እንዳይሰበር ነው። ጉልበት ከሁለተኛው የእግር ጣት ጋር በአንድ መስመር መሆን አለበት።

ወለሉ ላይ ደግሞ በፕላስተር የእንግሊዝኛውን ፊደል የዋይ (Y) ቅርጽ እንለጥፋለን። አንዱ መስመር ወደ ፊት፣ ሁለቱ ወደ ኋላ በጎን። ልጁ መሀሉ ላይ በአንድ እግር ቆሞ በሌላው እግር ጣት በየመስመሩ እስከሚችለው ይደርሳል። በሜትር እንለካለን። ግራና ቀኝ እናወዳድራለን። አሜሪካ ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ወደ ፊት ባለው መስመር በሁለቱ እግሮች መካከል ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ ልዩነት የነበራቸው ተጫዋቾች ይበልጥ ተጎድተዋል። እኔ ይህን ቁጥር እንደ ማንቂያ እጠቀምበታለሁ። ልዩነቱ ከዚያ በላይ የሆነ ልጅ መዝለል አይጀምርም። ደካማውን እግር ይሰራል።

በሦስተኛው ሳምንት መዞር እንጨምራለን። ምንም ርግጫ የለም። 360 ዲግሪ ዞሮ በአንድ እግር ማቆምና ሦስት ሰከንድ መቆየት ብቻ ነው። ጓደኛው በፓድ (ርግጫ በምንለማመድበት ትራስ) ትከሻውን ገፋ ያደርገዋል። ከ2017 ወዲህ ግጥሚያ ላይ በእጅ መግፋት ስለተፈቀደ ይህን መልመድ የግድ ነው። አንድ እግሩ አየር ላይ እያለ የሚገፋው ሰው ይመጣል።

በአራተኛው ሳምንት ማረፍ እናስተምራለን። ከትንሽ ሳጥን፣ ከ20 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዶ ዝም ብሎ መቆም። የምሰጣቸው ትዕዛዝ አንድ ነው፦ «ድምፅ እንዳልሰማ።» ድምፅ የሌለው አወራረድ ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበትና ዳሌ ተባብረው ተቀበሉ ማለት ነው። ዷ! ካለ አጥንት ተቀበለው።

በዚህ መሀል ሁልጊዜ አንድ ልጅ ይመጣል። «ማስተር፣ መዝለል መቼ ነው የምንጀምረው?» ይለኛል። ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። ርሃቡ አለ ማለት ነው።

መነሳት

በአምስተኛው ሳምንት ገመድ እናነሳለን። ጉልበት ሳይታጠፍ በቁርጭምጭሚት ብቻ ነጠር ነጠር ማለት ነው። ከዚያ ዝቅተኛ መሰናክል በሁለት እግር፣ ከዚያ ወደ ጎን ከአንድ እግር ወደ ሌላው መዝለል፣ ከዚያ በአንድ እግር። ከሳጥን ወርዶ ወዲያው መነሳት የሚመጣው በሰባተኛው ሳምንት ነው፤ ከፍታው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ነው።

ቁጥሩ ላይ እንጠንቀቅ። በዚህ ሙያ የሚቆጠረው እግር መሬት የነካበት ብዛት ነው። ለጀማሪ በአንድ ልምምድ ከ80 እስከ 100 ጊዜ በቂ ነው። መካከለኛ ደረጃ ላይ ያለ ከ100 እስከ 120፣ የበቃ አትሌት ከ120 እስከ 140 ይሰራል። በሁለት ልምምዶች መካከል ከ48 እስከ 72 ሰዓት እረፍት ያስፈልጋል። ስለዚህ ማክሰኞ ከሰራን እስከ ዓርብ አንደግመውም። በየድግግሞሹ መካከልም እረፍት አለ፤ ለ5 ሰከንድ ስራ ከ25 እስከ 50 ሰከንድ። ልጆቹ ይህ እረፍት ያበሳጫቸዋል። «አልደከመንም እኮ» ይላሉ። ሳይደክማቸው ነው መስራት ያለባቸው። የደከመ ሰው መሬት ላይ ይቆያል፤ መሬት ላይ ከቆየ ፕላዮሜትሪክ መሆኑ ቀረ።

ለመለካት ውድ መሳሪያ አያስፈልግም። በሰከንድ 240 ፎቶ የሚያነሳ ስልክ ካለ በቂ ነው። ልጁ ከሳጥን ወርዶ ሲነሳ እንቀርጻለን። እግሩ መሬት ላይ የቆየባቸውን ፎቶዎች እንቆጥራለን። ለምሳሌ 48 ከሆኑ 48 ለ240 ሲካፈል 0.2 ሰከንድ ነው። አየር ላይ የቆየበት ደግሞ 120 ፎቶ ቢሆን ግማሽ ሰከንድ ነው። ግማሽ ሰከንድ አየር ላይ የቆየ ሰው 31 ሴንቲ ሜትር ገደማ ተነስቷል። ከፍታውን በሜትር መሬት ላይ ለቆየበት ጊዜ ስናካፍል 0.31 ለ0.2፣ ማለትም 1.55 እናገኛለን። በየሁለት ሳምንቱ ይህን ቁጥር እንጽፋለን። ቁጥሩ ከወረደ ሳጥኑ ከፍ ብሏል ወይም ልጁ ደክሟል። ሳጥኑን ዝቅ አደርጋለሁ።

በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ሁለቱ ይገናኛሉ። በአንድ እግር አንድ ጊዜ ወደ ጎን ዘሎ፣ እንዳረፈ ዞሮ ፓድ መምታት፣ መትቶም ሳይወድቅ መቆም። ፓዱ መቼ እንደሚነሳ ልጁ አያውቅም። ጓደኛው ድንገት ያነሳዋል። የሪዮን ሰከንድ በትንሹ የሚመስለው ይህ ልምምድ ነው። በጣም ጥቂት ነው የማሠራው፤ በእያንዳንዱ እግር አምስት ስድስት ጊዜ። አንዳንዴ ከፍልሚያ ልምምድ በኋላ፣ ልጆቹ ደክመው እያለ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ አስደግማቸዋለሁ። የግጥሚያ መጨረሻ እንዴት እንደሚሰማ እንዲያውቁት ነው። ከዚያ በላይ አይሆንም። የቁርጭምጭሚት አደጋ የሚመጣው እዚያ ላይ ነው።

ወለምታ

የእኛን አገር አሰልጣኞች ወለምታ ላይ ማናገር እፈልጋለሁ።

ቁርጭምጭሚት አብዛኛውን ጊዜ የሚጠመዘዘው ውስጥ እግር ወደ ውስጥ ሲዞር ነው። በውጭ በኩል ከፊት ያለው ጅማት መጀመሪያ ይጎዳል። ልጁ ቤቱ ይሄዳል፣ ወጌሻ ይታሻል፣ በሳምንቱ እብጠቱ ጎድሎ ይመለሳል። ሁላችንም «ዳነ» እንላለን። እብጠቱ ጎደለ እንጂ ከቁርጭምጭሚት ወደ አንጎል የሚሄደው ወሬ ገና አልተስተካከለም። ያ ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ በዚያ እግር እንዲቆም ብታደርጉት ታዩታላችሁ። ይንገዳገዳል። በዚያ እግር ላይ ዞሮ እንዲመታ ብታደርጉት በወሩ ድጋሚ ይወለማል።

እኔም በወጣትነቴ ቀኝ ቁርጭምጭሚቴን ሦስት ጊዜ ተወልሜአለሁ። ሦስቱም ጊዜ ህመሙ ሲቀር ተመልሼ ዘልያለሁ። ሚዛን መልሰህ ስራ ያለኝ ሰው አልነበረም። ዛሬም ደረጃ ስወርድ ያንን እግር አስቤ ነው የማስቀምጠው። አንድ ልጅ እንኳን ይህን እንዳይደግም ስለምፈልግ ነው እንዲህ የማስረዝመው። መርመር ያለበት ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ነው፤ በተለይ እግሩን መርገጥ ካልቻለ ወይም አጥንቱ ላይ ሲነካ ካመመው። ከዚያ መልስ ግን ሥራው የእኛ ነው፤ ከመቆም ይጀምራል፣ ከአንደኛው ሳምንት።

ወለሉም ጉዳይ አለው። ኦሎምፒክ ላይ የሚጫወቱት ምንጣፍ ላይ ነው። እኛ ጋር ብዙ ጂሞች ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ናቸው። ምንጣፍ ካልተገኘ ሳር ሜዳ ይሻላል። ሳር ካልተገኘ መሬት የሚነካበትን ብዛት በግማሽ መቀነስ ነው። በጣም ወፍራም ፍራሽ ደግሞ ሌላ ችግር አለው። ኃይሉን ይውጠዋል፣ እግርም ሲሽከረከር ይይዘዋል፣ ጉልበት ይጠመዘዛል።

ከ12 ዓመት በታች ያሉትን ልጆች በተመለከተ ሰዎች ይጠይቁኛል። ሳጥን አያስፈልጋቸውም። ሰኞ ማክሰኞ ይጫወቱ። በአንድ እግር ዘሎ፣ መስመር ሳይነኩ አርፎ፣ ጎንበስ ብሎ ጠጠር ማንሳትና መመለስ ነው። ሚዛንና ፕላዮሜትሪክ በአንድ ጨዋታ ውስጥ ናቸው። ሱዚም እንደዚያው። ሴቶች ልጆች ላስቲኩን ከቁርጭምጭሚት ወደ ጉልበት፣ ከጉልበት ወደ ወገብ እያሳደጉ ሲዘሉ አይታችኋል? ጭነቱን ቀስ በቀስ መጨመር ማለት እሱ ነው። ሱዚ ተጫውታ ያደገች ልጅ ክለባችን ስትመጣ ወዲያው ትታወቃለች። ስታርፍ ድምፅ የላትም። ወንዶቹ መጀመሪያ ላይ ሱዚ ሲባሉ ያፍሩ ነበር። አሁን ማሟሟቂያችን ውስጥ አለ፣ ይሽቀዳደሙበታል።

ወደ ሲሴ ስንመለስ

አንዳንድ ሰው ያንን ምት ዕድል ነው ይላል። አንድ ሰከንድ ቀርቶት ሁሉም ሰው ዞሮ ይመታል፣ አንዳንዴ ያገኛል፣ ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። ሙሃመድ ትንሽ ቢያፈገፍግ ኖሮ ምቱ አየር ይመታ ነበር። ሙሃመድ ደግሞ ድንቅ ተጫዋች ነው፤ ሁለት ኦሎምፒክ፣ ሁለት ሜዳልያ። ግን አራተኛ ግጥሚያው ላይ፣ በሦስተኛው ዙር መጨረሻ፣ በደከመ እግር በፍጥነት ገፍቶ፣ ዞሮ፣ ራስ ከፍታ ላይ ነጥብ የሚያስቆጥር ምት ማሳረፍ የተዘጋጀ የቆመ እግር ይጠይቃል። ዕድሉ የመጣው እግሩ ዝግጁ ሆኖ ሲጠብቀው ነው።

ከስምንት ዓመት በኋላ፣ ፓሪስ 2024 ላይ፣ ሲሴ ከ80 ኪሎ በላይ በሆነው ምድብ ነሐስ ወሰደ። 30 ዓመቱ ነበር። ይህኛው ሜዳልያ ከወርቁ ያነሰ ወሬ ነው የተወራለት። እኔ ግን እንደ አሰልጣኝ ይበልጥ ያስቀናኛል። በቴኳንዶ ስምንት ዓመት ማለት ስንት ሺህ ማረፍ ነው? ያን ሁሉ ተቀብሎ በትልልቆቹ ምድብ የሚቆም ቁርጭምጭሚትና ጉልበት ይዞ መቆየት ቀላል አይደለም።

ከእኛም ሰለሞን ቱፋ በቶኪዮ ኦሎምፒክ በ58 ኪሎ ተወዳድሯል። ልጆቹ ስሙን ያውቁታል። በቀላል ክብደት ሽክርክሪቱ ይበልጥ ፈጣን ነው፤ የሚረግጡት ቦታ ግን ያው መዳፍ የምታክል ናት።

ያቺ የስልኩን ግማሽ ሸፍና ያየችው ልጅ አሁን ስድስተኛ ሳምንቷ ላይ ናት። በዋይ ፈተናው ግራ እግሯ ከቀኙ በ5 ሴንቲ ሜትር ያንስ ነበር። ባለፈው ዓርብ ለካን፤ 2 ሆኗል። ማክሰኞ ሳጥኑን አወጣላታለሁ።